ተጨማሪ መረጃ፦ የላንድክሩዘር ነዳጅ የት ይገባል?

ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በሚወስደው ፈጣን መንገድ ላይ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ላንድክሩዘር ትልቁ ባላጋራው ክብደቱ ሳይሆን አየሩ ነው። አየሩ መኪናውን ወደ ኋላ የሚገፋበት ጉልበት በፍጥነቱ ስኩዌር ልክ ያድጋል። ከ80 ወደ 120 ሲገባ ፍጥነቱ 1.5 እጥፍ፣ ግፊያው ግን 2.25 እጥፍ ይሆናል። ፊቱ እንደ ግድግዳ ቀጥ ላለ ረጅም መኪና ይህ ቀላል አይደለም።

ጣሪያው ላይ ፍራሽ ከታሰረማ ይብሳል።

ክብደት ዋጋ የሚያስከፍለው ሽቅብ ላይ ነው። 2.6 ቶን የሚመዝን መኪና 500 ሜትር ከፍታ ለመውጣት ወደ 13 ሚሊዮን ጁል ይፈልጋል። አንድ ሊትር ናፍታ 36 ሚሊዮን ጁል ያህል ቢይዝም ሞተሩ ለሥራ የሚያውለው ሲሶ ገደማውን ነው፤ ቀሪው ሙቀት ሆኖ በራዲያተርና በጭስ ማውጫ ይባክናል። ዳገቱ ብቻውን ከአንድ ሊትር በላይ ይጠጣል ማለት ነው። ከአዳማ ሽቅብ ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ «መኪናዬ ነዳጅ መብላት ጀመረ» ብሎ መካኒኩን የሚወቅስ ሾፌር ይህን ቢያሰላ ይሻለዋል።

በአሜሪካ ይፋዊ መለኪያ ባለ 5.7 ሊትር የቤንዚን ሞተሩ ላንድክሩዘር 200 በ100 ኪሎ ሜትር አውራ ጎዳና ላይ ከ13 እስከ 14፣ ከተማ ውስጥ ደግሞ 18 ሊትር ገደማ ይፈጃል። ልዩነቱን በዋናነት የሚያመጣው በየመብራቱ መቆምና መነሳቱ ነው።