ያውቁ ኖሯል? የሴባስቶፖል መድፍና «ኦገስት» የተባለው የእንግሊዝኛ ቅጽል

ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አቅራቢያ በጋፋት በአውሮፓውያን ሚስዮናውያን እጅ ያሠሩትና በ1860 ዓ.ም. በገደልና በሸለቆ መንገድ እያስጠረጉ እስከ መቅደላ አምባ ያስጎተቱት፣ ክብደቱ 7 ቶን ገደማ የሚገመተው መድፍ ስያሜውን ያገኘው፣ በክራይሚያ ጦርነት እ.ኤ.አ. ከ1854 እስከ 1855 ተከቦ ከቆየው ከሴባስቶፖል የወደብ ከተማ ነው።

የከተማው ስም የተመሠረተው «ሴባስቶስ» ከተባለው የግሪክ ቅጽል፣ ማለትም ስምን ከሚገልጽ ቃል፣ እና ከተማ ማለት ከሆነው «ፖሊስ» ሲሆን፣ ቅጽሉ «ክብር የሚገባው፣ ግርማዊ» የሚል ፍቺ አለው። የሮማው ገዥ ኦክታቪያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ27 ዓመት የተቀበለው «አውጉስጦስ» የተባለው የላቲን ማዕረግ ወደ ግሪክ የተመለሰው በዚሁ ቃል ነበር።

እንግሊዝኛ የ8ኛውን ወር መጠሪያና «ኦገስት» የተባለውን ቅጽል የወረሰው ከዚሁ የላቲን ቃል ሲሆን፣ ሁለቱ አንድ ዓይነት ሆሄያት ቢኖራቸውም ወሩ ሲጠራ የመጀመሪያው ቀለም፣ ቅጽሉ ሲነገር ደግሞ ሁለተኛው ቀለም ጎላ ብሎ ይነገራል። ቅጽሉ የሚነገረው ለተከበረ ጉባኤ፣ ለአንጋፋ ተቋም ወይም ለግርማ ሞገስ ባለቤት እንጂ ለተራ ዕቃ አይደለም።