የሰርቨር አስተዳዳሪው ድርሻ ባልተማከለው ማኅበራዊ ትስስር

ስላልተማከለ ማኅበራዊ ትስስር ሲነሣ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚነገረው ከኩባንያ ቁጥጥር ስለ መላቀቅ ነው፤ ሰርቨር ማስተዳደር የዕለት ተዕለት ሥራው ለሆነ ባለሙያ ግን ጉዳዩ ከሁሉ አስቀድሞ የኃላፊነት ጉዳይ ነው። ሰርቨር የብዙ ሰዎችን ጽሑፍ፣ ምስልና አካውንት ይዞ ሌት ተቀን ከኢንተርኔት ጋር እንደተገናኘ የሚቆይ ኮምፒውተር ሲሆን፣ በፌስቡክ ወይም በኤክስ ዓይነት አገልግሎት ውስጥ ሰርቨሮቹ ሁሉ በአንድ ድርጅት ቁጥጥር ሥር ስለሆኑ ተጠቃሚው ማን እንደሚያስተዳድራቸው ማወቅ አያስፈልገውም፤ ማወቅ ቢፈልግም አይችልም። ባልተማከለው መረብ ግን እያንዳንዱ ሰርቨር የራሱ ባለቤት፣ የራሱ ደንብና የራሱ ወጪ አለው። በመሆኑም ሥልጣን ከአንድ ማዕከል ተነሥቶ በስም ለሚታወቁ ብዙ ሰዎች ይከፋፈላል እንጂ ከናካቴው አይጠፋም፤ እነዚህ ሰዎች በየቀኑ የሚሠሩት ሥራ ደግሞ ሰርቨሮቹ በሚግባቡባቸው ክፍት ደረጃዎች ውስጥ ያልተጻፈ፣ መረቡ ግን የቆመበት ነው።

ክፍት ደረጃ የሚባለው ማንም ሰው ፈቃድ ሳይጠይቅ አንብቦ ሊሠራበት የሚችል፣ በተለያዩ ሰዎች የተሠሩ ሶፍትዌሮች እርስ በርስ እንዲግባቡ የሚያስችል የታተመ የስምምነት ሰነድ ነው። የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ ለሳፋሪኮም ደንበኛ ሲደውል ሁለቱ ኩባንያዎች ተፎካካሪ ቢሆኑም ጥሪው የሚያልፈው ሁለቱም የሚያከብሩት ሥርዓት በመኖሩ እንደሆነ ሁሉ፣ ኢሜይልም እ.ኤ.አ. በ1982 በታተመው ኤስኤምቲፒ በተባለው ደረጃ መሠረት ከማንኛውም ድርጅት ወደ ማንኛውም ድርጅት ሲጓዝ ኖሯል። ለማኅበራዊ ትስስር ተመሳሳዩን አገልግሎት እንዲሰጥ የተዘጋጀው አክቲቪቲፐብ፣ የድረ ገጽ ደረጃዎችን በሚያወጣው ደብሊውስሪሲ በተባለው ዓለም አቀፍ ጥምረት እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 23 ቀን 2018 በይፋ ጸደቀ። ጀርመን የሚኖሩት የሶፍትዌር ባለሙያ ኦይገን ሮችኮ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጡት ማስቶዶን የተባለው ሶፍትዌር ደረጃው ከመጽደቁ በፊት በ2017 ወደ አክቲቪቲፐብ የተሸጋገረ ሲሆን፣ ቪዲዮ የሚያስተናግደው ፒርቲዩብና ፎቶግራፍ የሚያስተናግደው ፒክስልፌድም በዚሁ ይግባባሉ።

አሠራሩ ቀረብ ብሎ ሲታይ፣ በአንድ ሰርቨር ላይ አካውንት ያላት አንባቢ በሌላ ሰርቨር ላይ የሚጽፍን ደራሲ ለመከተል አድራሻውን ታስገባለች፤ አድራሻው እንደ ኢሜይል የሰውየውን መጠሪያና የሰርቨሩን ዶሜይን፣ ማለትም በኢንተርኔት ላይ የተመዘገበ ስሙን፣ አጣምሮ የያዘ ነው። የእርሷ ሰርቨር ዌብፊንገር በተባለ ሌላ ደረጃ አማካይነት ወደዚያኛው ሰርቨር ሄዶ እንዲህ የሚባል ሰው እዚያ መኖሩን ይጠይቃል፤ መልሱም ወደ ደራሲው መግለጫ ሰነድ ይመራዋል። በሰነዱ ውስጥ መልእክት የሚቀበልበትና የሚያወጣበት አድራሻ ከይፋዊ ቁልፉ ጋር ተመዝግቦ ይገኛል፤ ይፋዊ ቁልፍ የሚባለው በሰርቨሩ ውስጥ ብቻ በሚቀመጥ ምስጢራዊ ቁልፍ የተፈረመ መልእክት በእርግጥ ከዚያ ሰው የመጣ መሆኑን ሌሎች የሚያረጋግጡበት ረጅም ቁጥር ነው። ከዚያ የተፈረመ የመከተል ጥያቄ ይላካል፣ የመቀበል መልስ ይመጣል፤ ከዚህ በኋላ ደራሲው ለተከታዮቹ የሚጽፈው ሁሉ ወደ አንባቢዋ ሰርቨር በቅጂ ይደርሳል። ደራሲው በዚያ ሰርቨር ላይ አንድ ተከታይ ቢኖረውም ሺህ ቢኖሩትም፣ ለሕዝብ ክፍት የሆነ ልጥፍ በጋራ መቀበያው በኩል አንድ ጊዜ ከተላከ ይበቃል።

አስተዳዳሪው በየማለዳው የሚመለከተው የዚህን ልውውጥ ወረፋ ነው። መድረስ ያልቻለ መልእክት ወዲያው አይጣልም፤ ወረፋ ውስጥ ተቀምጦ በሙከራዎቹ መካከል ያለው ጊዜ እየረዘመ ደጋግሞ ይላካል። ወረፋው ድንገት ሲያብጥ ምክንያቱ አንድ ትልቅ ሰርቨር መውደቁ ሊሆን ይችላል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ምክንያቱ እዚያው ቤት ውስጥ ያለ ተራ ነገር ሆኖ ይገኛል። ለምሳሌ እያንዳንዱ ፊርማ የተፈረመበትን ሰዓት ስለሚይዝ፣ የሰርቨሩ ሰዓት ከትክክለኛው በብዙ ከራቀ ሌሎች ሰርቨሮች መልእክቱን አይቀበሉም፤ ተጠቃሚዎቹ ግን ጽሑፋቸው በገጻቸው ላይ ስለሚታያቸው ማንም እንዳልደረሰው ሳያውቁ ይቆያሉ። ከሌሎች ሰርቨሮች የሚመጡ ምስሎችና ቪዲዮዎች በጊዜያዊ ማከማቻ እየተቀመጡ ዲስኩን ስለሚሞሉት በየጊዜው ማጽዳትም የግድ ነው። ተጠቃሚው ሊያውቀው የሚገባው ሌላው ነገር ልጥፍ ሲሰረዝ ወደ ሌሎች የሚላከው ትእዛዝ ሳይሆን ጥያቄ መሆኑ ነው፤ ቅጂውን የያዘው ሰርቨር ከተበላሸ ወይም ጥያቄውን ካላከበረ ጽሑፉ እዚያ ይቀራል።

የክፍት ደረጃ ጥቅም ለአማርኛ ጸሐፊ በጉልህ የሚታየው በፊደል ቆጠራ ላይ ነው። በወቅቱ ትዊተር ይባል የነበረው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2017 የአንድን ልጥፍ ርዝመት ከ140 ወደ 280 ምልክት ሲያሳድግ፣ በጥቂት ቦታ ብዙ ለሚይዙት ለቻይንኛ፣ ለጃፓንኛና ለኮሪያኛ አጻጻፍ ግን እያንዳንዱ ምልክት እንደ ሁለት እንዲቆጠር አደረገ። መለያው የተሠራው ዩኒኮድ በተባለው የዓለም ፊደላት ሠንጠረዥ ውስጥ ባለው ተራ ቁጥር ሲሆን፣ እስከ 4351 ያሉት ምልክቶች እንደ አንድ፣ ከጥቂት ሥርዓተ ነጥቦች በስተቀር ከዚያ በላይ ያሉት እንደ ሁለት ተቆጠሩ። የኮሪያኛ ፊደል ክፍሎች ከ4352 ይጀምራሉ፤ «ሀ» ደግሞ በሠንጠረዡ 4608 ቁጥር ላይ ስለሆነ የግእዝ ፊደል በሙሉ ከወሰኑ ወዲያ ቀረ፣ በአማርኛ የሚጽፍ ሰውም በ140 ፊደል ተወሰነ። አንድ የግእዝ ፊደል ተነባቢንና አናባቢን አንድ ላይ ስለሚይዝ ውሳኔው ፍትሐዊ ነው ብሎ መከራከር ይቻላል፤ ሆኖም ክርክሩ የሚቀርብበት መድረክ፣ የሚሰማ ዳኛም የለም። የአክቲቪቲፐብ ደረጃ የርዝመት ወሰን አይጥልም፤ ማስቶዶን ሲጫን የሚመጣው የ500 ምልክት ወሰን እያንዳንዱን የግእዝ ፊደል እንደ አንድ የሚቆጥር ሲሆን፣ የሶፍትዌሩ ኮድ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ አስተዳዳሪው ከተጠቃሚዎቹ ጋር ተማክሮ ሊለውጠው ይችላል። በአንጻሩ ይኸው ማስቶዶን በአድራሻ ውስጥ የሚገባው የተጠቃሚ ስም በላቲን ፊደል እንዲጻፍ ያስገድዳል፤ በግእዝ ሊጻፍ የሚችለው ከላይ የሚታየው ማሳያ ስም ብቻ ነው። ይህ ጉድለት በቸልታ ሊታለፍ የማይገባው ነው፤ የሚያጽናናው ነገር ቢኖር መሐንዲሶች ኮዱን አንብበው፣ ማሻሻያ ጽፈው በይፋ ሊያቀርቡ የሚችሉበት መንገድ መኖሩ ነው።

ከሥራው ሁሉ የሚከብደው የይዘት ቁጥጥር ነው። የቀድሞዋ የፌስቡክ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሀውገን እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2021 በአሜሪካ ሴኔት ንዑስ ኮሚቴ ፊት ቀርበው ስለ ፌስቡክ ሲመሰክሩ ኢትዮጵያን በስም መጥቀሳቸው ይታወሳል፤ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው በበቂ ቁጥር በሌለበት የሚደረግ ቁጥጥር ምን ያህል ክፍተት እንዳለው ከዚያ ወዲህ በሰፊው ተነግሯል። የአማርኛ ስድብና ቅስቀሳ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በተረት፣ በአሽሙርና በቅጽል ስም ተሸፍኖ ስለሚመጣ በማሽን ትርጉም አይያዝም። በአማርኛ ተናጋሪዎች በሚተዳደር አነስተኛ ሰርቨር ላይ ጥቆማውን የሚያነበው ሰው ሰሙንም ወርቁንም የሚለይ ይሆናል፤ ይህ ትልቅ ብልጫ ነው። ነገር ግን ያው ሰው ብዙውን ጊዜ ደመወዝ የሌለው፣ ከመደበኛ ሥራው በኋላ ማታ የሚቀመጥ፣ የሚያስጠላውን ሁሉ ብቻውን የሚያይ፣ ከተጠቋሚውም ከጠቋሚውም ጋር ሊተዋወቅ የሚችል ሰው ነው። ከአንድ ሌላ ሰርቨር ጥላቻ ያለማቋረጥ ሲፈስ ግንኙነቱን በሙሉ የማቋረጥ ሥልጣን አለው፤ ይህን ሲያደርግ ግን በሁለቱ ሰርቨሮች መካከል በሰላም ይጻጻፉ የነበሩ ሰዎችም አብረው ይለያያሉ። ስለዚህ ውሳኔው ምክንያቱ ተጽፎ፣ ቢያንስ በሁለት ሰዎች ታይቶ ቢፈጸም ይበጃል።

ስለ ምስጢራዊነትና ስለ እገዳ ያለው ግምት ብዙ ጊዜ ከእውነታው ያልፋል። በማስቶዶን ላይ ለአንድ ሰው ብቻ የሚላክ መልእክት ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ ስላልሆነ የሁለቱም ሰርቨሮች አስተዳዳሪዎች ሊያዩት ይችላሉ፤ ምስጢር ያለው ሰው ሌላ መሣሪያ መጠቀም አለበት። እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ እስከ ጁላይ 2023 ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በኢትዮጵያ እንደተገደቡት ዓይነት፣ እገዳው በአገልግሎቶች ስም ሲሆን፣ በብዙ ዶሜይኖች የተበተነ መረብ ለማገድ ያስቸግራል፤ ኢንተርኔቱ ከነጭራሹ ሲቋረጥ ግን የመረቡ አለመማከል የሚፈይደው ነገር የለም።

ክፍት ደረጃ የሚሰጠው ዋናው መብት ትቶ የመሄድ መብት ነው፤ መብቱ እስካሁን ያልተሟላውም በዚሁ ላይ ነው። የማስቶዶን ተጠቃሚ ወደ ሌላ ሰርቨር ሲዛወር ተከታዮቹ በራሳቸው እንዲከተሉት የሚያደርግ ማስታወቂያ ይላካል፤ የቀድሞ ጽሑፎቹ ግን በአዲሱ አካውንት ላይ አይታዩም፣ አዲሱ ሰርቨርም የቆየ ንግግሩን አያውቀውም። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ የመዛወሩን ማስታወቂያ መፈረም ያለበት የቀድሞው ሰርቨር መሆኑ ነው፤ ሰርቨሩ ያለ ማስጠንቀቂያ ከጠፋ ተከታዮቹን ይዞ መሄድ አይቻልም። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 የአፍጋኒስታንን የአገር መለያ በዶሜይኑ መጨረሻ ይጠቀም የነበረ አንድ የማስቶዶን ሰርቨር፣ የአገሪቱ ባለሥልጣናት ስሙን በመሰረዛቸው፣ ከማንም ጋር መገናኘት ተስኖት ቀረ፤ ማንነት የተያያዘው ከዶሜይን ጋር ስለሆነ ስሙ ሲነጠቅ አድራሻዎቹ ሁሉ አብረው ጠፉ። ብሉስካይ የተባለው ማኅበራዊ መረብ የሚሠራበት ኤቲ ፕሮቶኮል ይህን ችግር ለመፍታት ማንነትን ከሰርቨሩ ነጥሎ፣ የተጠቃሚው ጽሑፍ ሁሉ ተፈርሞ ከቦታ ወደ ቦታ እንዲጓዝ አድርጎ የተነደፈ ነው። ንድፉ በዚህ ረገድ ከአክቲቪቲፐብ ይሻላል፤ በተግባር ግን የመረቡ ትልቁ ክፍል አሁንም በመሥራቹ ኩባንያ እጅ ነው።

ትልልቅ ኩባንያዎች ወደ ክፍት ደረጃ ሲመጡ ጥርጣሬ መኖሩ ያለ ምክንያት አይደለም። ጉግል ቶክ ኤክስኤምፒፒ በተባለው ክፍት የመልእክት ደረጃ ከሌሎች ሰርቨሮች ጋር ይገናኝ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በሃንግአውትስ ሲተካ በሩ ተዘጋ። የፌስቡክ ባለቤት የሆነው የሜታ ሌላው ማኅበራዊ መድረክ ትሬድስ በዲሴምበር 2023 አክቲቪቲፐብን መሞከር ሲጀምር ብዙ አስተዳዳሪዎች አስቀድመው ያገዱት ይህን ታሪክ ስለሚያስታውሱ ነው።

ይሁን እንጂ ለመረቡ ከኩባንያዎች ይልቅ የሚያሰጋው የተረካቢ መጥፋት ነው። የአውሮፓ ኅብረት የመረጃ ጥበቃ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2022 ለኅብረቱ ተቋማት አንድ የማስቶዶንና አንድ የፒርቲዩብ ሰርቨር ለሙከራ ከፈተ፤ ሶፍትዌሩ ሠርቷል፣ ተቋማትም ተጠቅመውበታል፣ ነገር ግን ሰርቨሮቹን ተረክቦ የሚያስተዳድር ሌላ ተቋም ባለመገኘቱ በሜይ 2024 ተዘጉ። ያን ያህል በጀትና ሕግ ባለበት ይህ ከሆነ፣ በዋሽንግተን፣ በቴል አቪቭ ወይም በፍራንክፈርት ያለ የኢትዮጵያውያን ማኅበር ወይም በአዲስ አበባ ያለ የመጽሔት ዝግጅት ክፍል የራሱን ሰርቨር ለማቆም ሲያስብ የመጀመሪያው ውይይት ስለ ሶፍትዌር ምርጫ መሆን የለበትም። ዶሜይኑ በአንድ በጎ ፈቃደኛ የግል ስምና የባንክ ካርድ ሳይሆን በማኅበሩ ስም ይመዝገብ፤ የእድሳቱ ክፍያ ከዓመታዊ በጀቱ ውስጥ ይግባ፤ ሁለተኛ ሰው ቁልፎቹ የት እንዳሉና ሰርቨሩ እንዴት እንደሚነሣ ይወቅ። የመረጃው መጠባበቂያ ቅጂም በየቀኑ ተወስዷል ተብሎ ብቻ መተው የለበትም፤ በየጊዜው በሌላ ኮምፒውተር ላይ ተከፍቶ፣ የሰርቨሩ ምስጢራዊ ቁልፎችና የተጠቃሚዎቹ ጽሑፎች በእርግጥ በውስጡ መኖራቸው መታየት አለበት።