የአንድ ዛፍ ቅጂዎች በፖቶማክ ወንዝ አጠገብ

እ.ኤ.አ. በማርች 2024 አጋማሽ፣ በዋሽንግተን ከተማ ታይዳል ቤዚን የተባለውን ሰው ሠራሽ ኩሬ ከብበው የቆሙትን የቼሪ ዛፎች ለማየት በማለዳ ወጣን። ቅጠል ገና አልወጣም፤ ቅርንጫፉ ሁሉ ግን በነጣ ያለ ሮዝ አበባ ተሸፍኗል። ከጎብኚዎቹ መካከል አማርኛ የሚነጋገሩ ቤተሰቦች መኖራቸው አላስገረመንም፤ ከተማዋ የብዙ ኢትዮጵያውያን መኖሪያ ናትና። ያስገረመን በሺህ የሚቆጠሩ ዛፎች የተማከሩ ይመስል በአንድ ሳምንት መፍካታቸው ነው።

ምክንያቱ ምንድን ነው? አብዛኞቹ ዛፎች ዮሺኖ የሚባለው ዲቃላ ናቸው። ዮሺኖ የራሱን ዓይነት የአበባ ብናኝ አይቀበልም፤ ብናኙ በሴቴው ክፍል ላይ አርፎ ቱቦውን ወደ ታች መዘርጋት ቢጀምርም እድገቱ መንገድ ላይ ይገታል። ስለዚህ ዮሺኖን እንዳለ ለማራባት ዘር መዝራት አይበጅም፤ ቀንበጥ ቆርጦ በሌላ ግንድ ላይ መክተብ ያስፈልጋል። የሚገኘው ችግኝ የእናቱ የዘረመል ቅጂ ነው፤ ለክረምቱ ብርድና ቀጥሎ ለሚመጣው ሙቀት የሚሰጠው ምላሽም ያው ነው። በዚያ ዓመት አበባው በሙላት የፈካው ማርች 17 ቀን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1958 እስከ ኤፕሪል 18 ዘግይቶ እንደነበር ስናስብ፣ ዛፎቹ ለሙቀት ምን ያህል ታዛዥ እንደሆኑ እንረዳለን።

ይህ ተመሳሳይነት ለዓይን ውበት፣ ለዛፎቹ ግን አደጋ ነው፤ አንዱን የሚጥል በሽታ ሌላውንም ሊጥል ይችላልና። የእንሰት ገበሬዎቻችንም ከአንድ አሚቾ ብዙ ተመሳሳይ ችግኝ ያወጣሉ፤ ነገር ግን በአንድ ጓሮ ልዩ ልዩ ዓይነት ይተክላሉ። በእኛ አስተያየት ብልኃቱ የእነርሱ ይበልጣል።

የስፍራው ታሪክ ራሱ በተባይ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1910 ከቶኪዮ የደረሱት 2,000 ዛፎች በነፍሳትና በጥቃቅን ትሎች ተወርረው በመገኘታቸው በፕሬዚዳንት ታፍት ፈቃድ ተቃጠሉ። በ1912 ሌሎች 3,020 ዛፎች መጡ። በ1952 ደግሞ በጦርነቱ ዘመን የተጎሳቆለውን የቶኪዮውን የአራካዋ ወንዝ ዳር የቼሪ ስፍራ ለማደስ ቀንበጦች ከዋሽንግተን ወደ ጃፓን ተመለሱ።

በጉብኝታችን ዕለት ረጅሙ ሰልፍ በአንድ አጭር፣ ውስጡ በተቦረቦረ ዛፍ ፊት ነበር። ስሙ ስታምፒ ነው፤ «ጉቶው» እንደ ማለት። የኩሬው ግንብ ሰምጦ፣ የባሕሩም ወለል ከፍ ብሎ፣ ውኃው በየዕለቱ ሥሩን ያጥለቀልቀው ነበር። ግንቡን ለመሥራት ከመቶ በላይ የቼሪ ዛፎች እንዲቆረጡ ተወስኖ ስለነበር ሕዝቡ የመጣው ለስንብት ነው። በዚያው ዓመት በሜይ ወር ስታምፒ ተቆረጠ፤ ቀንበጦቹ ግን ለማራባት በዚያው ከተማ ወደሚገኘው ብሔራዊ የዛፎች የምርምር ሥፍራ ተወስደዋል።