ሐይቅ እስጢፋኖስን ለመጐብኘት ለሚሄዱ

ከኮምቦልቻ ተነሥቶ ዳገቱን ወጥቶ ደሴ የደረሰ ሰው፥ ከዚያ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ቢጓዝ ሐይቅ ከምትባለው ከተማ ይደርሳል። የከተማዪቱና የውሃው ስም አንድ ነው። የቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ወደ ውሃው በገባው ምድር ላይ ስላለ፥ እንግዳ ዛሬ በእግሩ ሄዶ ከደጁ ይደርሳል።

ቀድሞ ግን እንዲህ አልነበረም። በ1520 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከፖርቱጋል መልክተኞች ጋራ ወደ ዐጼ ልብነ ድንግል የመጣው የካቶሊክ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፥ ገዳሙ በደሴት ላይ እንደ ነበረ፥ መነኰሳቱም በደንገል ታንኳ ይመላለሱ እንደ ነበር ጽፏል። በውሃው ውስጥ ስለ ነበሩት ጉማሬዎችም ሲጽፍ ስማቸውን ከአገሩ ሰው እንደ ሰማው በአማርኛ አኑሮታል። ከዚያ ወዲህ ውሃው ስለ ቀነሰ ደሴቱ ከየብስ ጋራ ተያያዘ። አስተማሪ ልጆቹን በዚያ መተላለፊያ ላይ አቁሞ ይህን ቢነግራቸው፥ በክፍል ውስጥ ብዙ ቀን ከሚያስረዳው ይልቅ ይገባቸዋል።

የገዳሙ ዝና ግን ከውሃው ይልቅ ከትምህርቱ ነው። አባ ኢየሱስ ሞዐ በደብረ ዳሞ ከአባ ዮሐኒ ዘንድ ከተማሩ በኋላ በ1240 ዓ.ም. ገደማ ወደዚህ መጥተው ደቀ መዛሙርት ሰበሰቡ። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከእነዚያ አንዱ ነበሩ። በኋላም የገዳሙ አበ ምኔት ዐቃቤ ሰዓት ተብሎ በቤተ መንግሥት ታላቅ ክብር ነበረው።

አባ ኢየሱስ ሞዐ በ1273 ዓ.ም. አራቱን ወንጌል ለገዳሙ ሰጡ፤ የራሳቸውም ሥዕል በመጽሐፉ ውስጥ አለ። ኋላ የተነሡት መነኰሳት ደግሞ የገዳሙን ጉዳይ በዚያው ብራና ላይ እየጻፉ አቈዩ። ገዳሙ በ16ኛው መቶ ዓመት ጦርነት ሀብቱን ሲያጣ ይህ መጽሐፍ ተረፈ። ታሪክ ጸሐፊው ታደሰ ታምራት በ1970 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ስለ ሐይቅ አበ ምኔቶች ባወጡት ጽሑፍ የተጠቀሙት በዚህ ብራና ነው። ውሃውን ብቻ አይቶ የሚመለስ ጐብኚ እንግዲህ እኩሌታውን እንኳ አላየም።

መጽሐፍ ለማየት ግን ፈቃዱ የመነኰሳቱ ነው። ባይፈቅዱም መከራከር አይገባም፤ በአገራችን ከብዙ አብያተ ክርስቲያናት ብራና እየተሰረቀ ተሽጧልና ጥንቃቄያቸው ያለ ምክንያት አይደለም።

ወደ ወንዶቹ ገዳም ሴት አትገባም። አስተማሪው ይህን ከመነሣቱ አስቀድሞ ለሴቶች ልጆችና ለወላጆቻቸው ይንገር፤ መንገድ ደክመው ከደጅ መመለስ ልጅን ያሳዝናልና። ወንዶቹ ሲመለሱ ይንገሯቸው ማለትም አይበቃም። ከአስተማሪዎች አንዱ ከእነርሱ ጋራ በውሃው ዳር ቀርቶ የደሴቱንና የታንኳውን ነገር በዚያው ያስተምር። ከአገሩ ሽማግሌዎች አንዱ፥ ክርስቲያንም ቢሆን ሙስሊም፥ ውሃው በልጅነቱ ዘመን እስከ የት ይደርስ እንደ ነበር በጣቱ እያመለከተ ቢያሳያቸው፥ ልጆቹ ያንን በደብተራቸው ይጻፉት።