ከጓሮ ዶሮ አርቢዎች ዘወትር የሚቀርቡልን ጥያቄዎች

በየአጥቢያው ዶሮ ማርባት የጀመሩ ምእመናን ብዙዎች ናቸው። ጥቂት ዶሮ ለአንዲት እናት የልጆቿ ደብተርና የጓዳዋ ወጪ መሸፈኛ ትሆናለች። በብድር የገዛቻቸው ዶሮዎች በአንድ ሳምንት ቢያልቁባት ግን የሚቀራት ዕዳው ብቻ ነው። ስለዚህ የሰበካ ጉባኤ አባላትና ካህናት ምእመናንን ሲመክሩ ይረዳቸው ዘንድ፣ ደጋግመው የቀረቡልንን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ ብለናል።

የአንድ ቀን ጫጩት ወይስ የ45 ቀን ቄብ እንግዛ?

የአንድ ቀን ጫጩት ዋጋዋ ይረክሳል፤ ነገር ግን በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት ያስፈልጋታል። መብራት በሚቆራረጥበት ስፍራ ይህን ማሟላት ለጀማሪ ከባድ ነው። ስለሆነም ጀማሪዎች 45 ቀን የሞላቸውን፣ የተከተቡበትም ቀን የታወቀላቸውን ቄቦች ቢገዙ ይሻላል እንላለን።

ያለ አውራ ዶሮ እንቁላል ይጥላሉን?

አዎን፣ ይጥላሉ። አውራው የሚያስፈልገው ጫጩት ለማስፈልፈል ብቻ ነው።

ቤታቸው እንዴት ይሁን?

ለአንድ ካሬ ሜትር ከ5 እስከ 6 ዶሮ ይበቃል። ወለሉ በደረቅ ጭድ ይሸፈን፤ አየር የሚገባበት መስኮትና ማታ የሚሰፍሩበት ቆጥ ይኑረው፤ ሽለምጥማጥ እንዳይገባም በወንፊት ሽቦ ይከለል። ዶሮን ከብርድ ይልቅ እርጥበትና የታፈነ አየር ይጎዳታል።

ምን ይመገቡ?

እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም መኖና የዚያን እጥፍ የሚያህል ንጹሕ ውኃ ትፈልጋለች። እህል ብቻውን አይበቃትም፤ እንደ ኑግ ፋጉሎ ያለ ገንቢ መኖና ለቅርፊት የሚሆን የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ሊጨመርላት ይገባል። የሻገተ እህል ግን ስለሚመርዛት ፈጽሞ አይሰጣት።

ፈንግልን እንዴት እንከላከል?

አረንጓዴ ተቅማጥ፣ የመተንፈስ ችግር፣ የአንገት መጠምዘዝና የጅምላ ሞት የፈንግል ምልክቶች ናቸው። ከያዘ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም፤ መከላከያው በወቅቱ የሚደጋገም ክትባት ነው። ከገበያ የመጣች ዶሮም ሁለት ሳምንት ለብቻዋ ትቆይ። የሞተችው ትቀበር ወይም ትቃጠል፤ የታመመችው ወደ ገበያ አትውጣ፤ የራስን ጉዳት ወደ ጎረቤት ማሻገር ነውና።

አምስት ዶሮ ያላት እናት ክትባቱን ለብቻዋ ለመግዛት ትቸገራለች። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የተዘጋጀ ነው፤ ከተበጠበጠም በኋላ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ማለቅ አለበት። የሰበካ ጉባኤ እገዛ የሚያስፈልገው በዚህ ላይ ነው። የአጥቢያው አርቢዎች ስም ተመዝግቦ፣ ከወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጋር በአንድ ቀን የሁሉም ዶሮ ቢከተብ ወጪው ይቀላል፤ በሽታውም ከቤት ወደ ቤት አይዛመትም።

በጾም ወቅት እንቁላሉን ለማን እንሸጣለን?

መልሱ ዶሮዎቹ ከመገዛታቸው በፊት ሊታሰብበት ይገባል። የተሻሻለ ዝርያ ቄብ መጣል የምትጀምረው አምስት ወር ገደማ ሲሆናት ነው። በታኅሣሥ መጨረሻ የተገዛች የ45 ቀን ቄብ ዐቢይ ጾምን በማደግ ታሳልፋለች፤ መጣል የምትጀምረውም በሚያዝያ አጋማሽ፣ በትንሣኤ ሰሞን ይሆናል። ከዚያ በኋላ ያለው በዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምበት ስለሆነ እንቁላሉ ገበያ ያገኛል። በጾም ወራት የተጣለው እንቁላል ደግሞ ሳይታጠብ፣ ሹል ጫፉ ወደ ታች ሆኖ በቀዝቃዛ ስፍራ ቢቀመጥ ለሁለት ሳምንት ያህል ይቆያል።

እንግዲህ ለዶሮ መግዣ ብድር ከመፈቀዱ አስቀድሞ ሰበካ ጉባኤያት ሦስት ነገር እንዲጠይቁ አደራ እንላለን፦ ቤቱ ተሠርቷልን? የክትባቱ ቀን ተቆርጧልን? መጣል የሚጀምሩበት ወር ከጾሙ ጋር ተገናዝቧልን? ሦስቱ ካልተሟሉ ብድሩን አንድ ወር ማዘግየት እናቲቱን ከዕዳ ማዳን ነው።