«ጉድዊል» ስንት ያወጣል?

ሱቅ፣ ሆቴል ወይም ፋብሪካ ሊሸጥ ሲል ደላላው «ዕቃው ይህን ያህል፣ ጉድዊሉ ደግሞ ይህን ያህል» ይላል። ለመሆኑ ይህ ጉድዊል የሚባለው ነገር ምንድን ነው? ገዢው ገንዘቡን የሚከፍለውስ ለምኑ ነው?

ቃሉ በእንግሊዝኛ ሁለት መልክ አለው። አንደኛው በጎ ፈቃድ ነው። ልያ ከበደ እ.ኤ.አ. በ2005 የዓለም ጤና ድርጅት የበጎ ፈቃድ አምባሳደር ስትሆን የተሰጣት ስም ከዚሁ ቃል የመጣ ነው። በዚህ ትርጉሙ ዋጋ አይወጣለትም። ሁለተኛው የነጋዴው ጉድዊል ነው፤ የሕግና የሂሳብ ሰዎች «መልካም ዝና» ይሉታል። ይኸኛው ይሸጣል፣ ይለወጣል፣ ያካስሳልም።

በቁጥር እንየው። አንድ ሱቅ የ800 ሺህ ብር ሸቀጥና የ150 ሺህ ብር መደርደሪያና ማቀዝቀዣ አለው እንበል። ዕዳው 250 ሺህ ብር ነው። ተቀናንሶ የሚቀረው 700 ሺህ ብር ሲሆን ገዢው ግን 1 ሚሊዮን 200 ሺህ ከፈለ። ትርፍ የተከፈለው 500 ሺህ ብር ነው ጉድዊሉ። ገዢው የገዛው ነገ ጠዋት በሩ ሲከፈት ደንበኛው እንደ ልማዱ ይመጣል የሚለውን ተስፋ ነው።

ነጋዴው በራሱ ላብ ያፈራውን ዝና ግን በመዝገቡ ላይ እንደ ሀብት ሊያሰፍረው አይችልም። ዓለም አቀፉ የሂሳብ ደንብ ጉድዊል የሚመዘገበው በግዢ ሲገኝ ብቻ ነው ይላል። ኢትዮጵያም በ2006 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 847 ወደዚሁ ደንብ ገብታለች። ታላላቅ ኩባንያዎች የገዙትን ጉድዊል በየዓመቱ መመርመር፣ ዋጋው ከወረደም ልዩነቱን በኪሳራ መያዝ አለባቸው። አሜሪካን ኦንላይን ከታይም ዋርነር ጋር እ.ኤ.አ. በጥር 2001 ሲዋሐድ መዝገቡ በጉድዊል ተሞልቶ ነበር። የኢንተርኔት ገበያ ሲቀዘቅዝ ግን ኩባንያው ለ2002 ወደ 99 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ኪሳራ አስታወቀ። አብዛኛው የጠፋ ጥሬ ገንዘብ አልነበረም፤ ከመዝገብ የተሰረዘ ጉድዊል እንጂ።

ወደ እኛ ገበያ ስንመለስ ዋናው ጥያቄ ዝናው የተጣበቀው ከምን ጋር ነው የሚለው ነው። ከቦታው ጋር ከሆነ የኪራዩ ውል ሲያበቃ አብሮ ይሄዳል። «ለቁልፍ» እየተባለ የሚከፈለውም በአብዛኛው የቦታ ዋጋ ነው፤ ከጉድዊል ጋር ባይደባለቅ ይሻላል። ከንግድ ስሙ ጋር ከሆነ ስሙን በውል መረከብ ያስፈልጋል። ከሰውየው ጋር ከሆነስ? ደንበኛ የሚመጣው ልብስ ሰፊው እጁ ስለሚያምር፣ ወይም ባለሱቁ ዱቤ ስለሚሰጥ ከሆነ ባለቤቱ ሲወጣ ደንበኛውም ተከትሎት ይወጣል። ብዙ ገዢ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው።

በእንግሊዝ አገር ትሬጎ እና ሀንት የተከራከሩበት የ1896 እ.ኤ.አ. መዝገብ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሀንት ቫርኒሽ በሚሠራ የሽርክና ድርጅት ውስጥ ሸሪክ ነበር፤ በውላቸው ጉድዊሉ የትሬጎ ብቻ ነው። የሽርክናው ጊዜ ሊያበቃ ሲል ሀንት የቢሮውን ጸሐፊ ከሥራ ሰዓት ውጭ የደንበኞችን ስምና አድራሻ ያስገለብጠው ጀመር። ነገሩ እስከ ጌቶች ምክር ቤት ደረሰ። ፍርዱም ሀንት የራሱን ንግድ መክፈት ይችላል፣ የድርጅቱን የቀድሞ ደንበኞች ግን እየዞረ ወደ እኔ ኑ ማለት አይችልም የሚል ሆነ።

የእኛው የ1952ቱ የንግድ ሕግ ከዚህ ጠንከር ያለ ነበር። የንግድ መደብሩን የሸጠ ሰው በአካባቢው ተመሳሳይ ንግድ ለአምስት ዓመት እንዳይከፍት ይከለክላል። የሕጉ የንግድ መደብር ክፍል በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1243 ስለተተካ ዛሬ ውል የሚጽፍ ሰው አዲሱን ሕግ ይዞ ይቀመጥ። ደግሞም ክልከላውን ለሕጉ ብቻ አይተወው። የትኛው ሰፈር፣ ለስንት ዓመት፣ ምን ዓይነት ንግድ የሚለው በውሉ ይጻፍ። የሱቁ ስልክ ቁጥር፣ የዱቤ መዝገቡና የአቅራቢዎቹ ዝርዝር ለማን እንደሚቀርም እንዲሁ። ሻጩ «ይህ ደግሞ ምን ያስፈልጋል» ብሎ ከተቆጣ ገዢው ዋጋውን እንደገና ያስላው።