ሌላውን ለማዳን የሚያልቅ ማዕድን

ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ባሕር የላቸውም። ሆኖም መርከብን ከዝገት የሚጠብቀው ዘዴ በነዚህ ከተሞች ብዙ ቤቶች ውስጥ ሥራ ላይ ይገኛል። ዘዴውን ካላወቅነው ግን በብዙ ቁጠባ የገዛነው ዕቃ ሳናስበው ይበሳል።

ሁለት የተለያዩ ማዕድናት ተነካክተው ጨዋማ ውሃ ውስጥ ሲገቡ እንደ ባትሪ ድንጋይ ኤሌክትሪክ ይመነጫል፤ አንዱ ይበላል፣ ሌላው ይተርፋል። የብረት ጀልባን የሚገፋው ፕሮፔለር ከነሐስ ሲሠራ የሚበላው ብረቱ ነው። ስለዚህ ከብረት ቀድሞ የሚበላ የዚንክ ቁራጭ ከውሃ በታች ባለው የጀልባው አካል ላይ በብሎን ይታሰራል። ይህ ቁራጭ «አኖድ» ይባላል።

እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ሐምፍሪ ዴቪ እ.ኤ.አ. በ1824 የጦር መርከቦችን የመዳብ ልባስ በብረትና በዚንክ ቁራጮች ለመጠበቅ ሞከረ። መዳቡ ከመበላት ዳነ። ነገር ግን ቀድሞ እየሟሟ የባሕር ፍጥረታትን ያርቅ የነበረው መዳብ መሟሟቱን ሲያቆም፣ ፍጥረታቱ መርከቡ ላይ ተጣብቀው ጉዞውን አዘገዩት።

የቤታችን ቆርቆሮም በዚሁ ሕግ ይኖራል። ቆርቆሮ በዚንክ የተለበጠ ብረት ነው። ሲጫር ወይም ሲቆረጥ ቶሎ የማይዝገው በአጠገቡ ያለው ዚንክ ስለሚበላለት ነው። ዚንኩ ሲያልቅ ቀዩ ዝገት ይጀምራል።

ይበልጥ የሚዘነጋው ግን በሱሉልታ ብርድ ለውዱእ ውሃ የሚያሞቅልን ቦይለር ነው። የብዙዎቹ ታንከር ብረት ሆኖ ውስጡ ብርጭቆ መሰል ቅብ አለው። ቅቡ ላይ በዓይን የማይታዩ ስንጥቆች ስለማይጠፉ በውስጡ የማግኒዝየም ዘንግ ይገባል። ለመጠጥ የሚሆን ውሃ እንደ ባሕር ውሃ ኤሌክትሪክን በደንብ ስለማያስተላልፍ፣ ከዚንክ ይልቅ ኃይለኛ የሆነው ማግኒዝየም ይመረጣል። ዘንጉ አልቆ ካልተተካ ተራው የታንከሩ ይሆናል። ውስጡ የተበሳ ታንከር ደግሞ እንደ ባልዲ ተበይዶ አይድንም።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1. ቦይለራችን አኖድ እንዳለው ከመመሪያው እንይ፤ ሁሉም የለውም።

2. በዓመት አንድ ጊዜ ባለሙያ እናስፈትሽ። ሥራው ከመጀመሩ በፊት መብራቱ ከቆጣሪው ይጥፋ፣ ውሃው ይዘጋ፣ የሞቀውም ይቀዝቅዝ።

3. ዘንጉ ከግማሽ በላይ ከሳሳ ወይም መካከሉ ያለው ሽቦ ከታየ ይቀየር። አሮጌው ወጥቶ ቦታው በቡሽ ብቻ እንዳይደፈን እንጠንቀቅ።

4. አኖድ ቀለም አይቀባም። ከሚጠብቀው ብረት ጋርም በደንብ መነካካት አለበት፤ አለዚያ አይሠራም።

ዘንጉ ተበልቶ ስናገኘው ዕቃው ተበላሸ ብለን አንደንግጥ፤ የተቀመጠው ሊበላ ነውና ሥራውን ሠርቷል። የቤተሰቡ ድርሻ ሳያልቅ መተካት ነው። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህም ይሆናል።